ቅቤ የተቀባ ጸጉር

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ቡታጅራ ስሠራበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ የተመለስኩት ክሊራንስ ላስጨርስ ነው። ከንብረት ክፍል አንድ ፊርማ ቀርቶኝ ለእሷ አራት ቀን አመላልሰውኛል። እሱን እንኳ ተዉት። ደሜን ያፈላው ሌላ ነው። ወጣት ባልደረቦቼን ሰላም ልበላቸው ብዬ የድኅረ ወሊድ ክፍሉን በር ገፋ ሳደርግ፣ እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ወጣት አዋላጅ ለአንዲት የምታጠባ እናት በትንሽ ብልቃጥ ነጭ ቅባት ስትሰጣት ደረስኩ። ብልቃጡ ላይ ስም የለም። ምን እንደገባበት የሚናገር አንድ ፊደል የለም። "በሁለት ሳምንት ማድያቱ ጥርግ ይላል" ትላታለች። እናትየዋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ታመሰግናለች።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ውይ ሲስተር ዘነበች፣ እንኳን ደህና መጡ። የማድያት ማጥፊያ ነው። በቴሌግራም ነው የምሸጠው፤ እህቴ ናት ከአዲስ አበባ የምትልክልኝ" አለች፤ ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

"ውስጡ ምን አለበት?"

"እኔ እንጃ። ግን ሰው ሁሉ ይወደዋል።"

እኔ እንጃ። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ በመንግሥት ክፍል ተቀምጣ፣ የሚጠባ ሕፃን ፊቱን የሚያስጠጋበት ገላ ላይ ለሚቀባ ነገር "እኔ እንጃ" ትለኛለች። ብልቃጡን ከእናትየዋ እጅ ወሰድኩና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረግኩት። ለእናትየዋም ማድያት በጥላና በጊዜ የሚደበዝዝ እንጂ በሁለት ሳምንት የሚጠረግ ነገር እንዳልሆነ፣ ፊትን ቶሎ የሚያነጣ ቅባት ቆዳውን ልጦ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት። ወጣቷ አዋላጅ እስክጨርስ ሰማችኝና በትሕትና፣ በጣም በትሕትና፣ "ሲስተር፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ወጥቻለሁ። አፌ ግን ጡረታ አልወጣም። ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሰነበትኩና በሦስተኛው ቀን ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የወልቂጤ አካባቢ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በትምህርት ነርስ፣ በሥራ አዋላጅ ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግያለሁ። ስንቱን ልጅ እንደተቀበልኩ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። እኔ ግን ላወራ የምፈልገው ልጁ ከተወለደ በኋላ ስላለው፣ ማንም ሥራ ብሎ ስላልቆጠረልኝ ሥራ ነው፤ ስለ እናትየዋ ገላና ጸጉር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ትወልዳለች፣ ዓይን ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። በእኛ አገር አራስ ትከበራለች፣ አልዋሽም። ቡላው ይገነፋል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ ጠያቂው አይቋረጥም። ከዚያ አራስነቷ ያልቃል፣ ሰውም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሦስተኛው ወር ላይ ጸጉሯን ስታበጥር እፍኝ ሙሉ እጇ ላይ ይቀራል። ይህ እንደሚመጣ ማንም አልነገራትም። አንዷ ዓይን በላኝ ትላለች፣ አንዷ ልሞት ነው ትላለች። ጉንጯና ግንባሯ ላይ ማድያት ወጥቷል፣ ሆዷ ላይ ሸንተረር ቀርቷል፣ የጡቷ ጫፍ ተሰነጣጥቋል። ይኼኔ ባል የተባለው ቀና ብሎ ያያትና "ምነው ተጎሳቆልሽ?" ይላል። ምነው ተጎሳቆልሽ ይላታል እንግዲህ፤ እሱ ሲያንኮራፋ እሷ ስታጠባ አድራ።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። ቡታጅራ የመጀመሪያ ምድቤ ላይ ያገኘኋቸው ሲስተር አስካለ ናቸው። ከጎጃም መጥተው እዚያው ያረጁ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሁለት ክንድ በላይ የማይሰማ ሴት ነበሩ። እኔ ስናገር ግቢው ይሰማል፤ እሳቸው ሲናገሩ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። እናት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ይታጠባሉ። ቀዝቃዛ እጅ የነካት ሴት ትሰበሰባለች፣ የተሰበሰበች ሴት ደግሞ አትናገርም ይሉ ነበር። ወረፋው እስከ በር ቢደርስ ያቺን ውሃ ሳያሞቁ አይጀምሩም። እኔ በሆዴ እቃጠላለሁ።

ከዚያ ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። የዓይን ቆብ፣ ጥፍር፣ ምላስ። ፊትና ጸጉር መጨረሻ። እናትየዋ የመጣችው ስለ ጸጉሯ ቢሆንም እንኳ ጸጉር መጨረሻ ነው። የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳብ አድርገው ውስጡን ያያሉ። ቀይ ከሆነ ደህና፣ ነጣ ካለ ደም የለም። አንድ ቀን ለምን ከጸጉሩ አንጀምርም ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ፊትና ጸጉር ይሰናዳል ልጄ" አሉኝ። "ሰው ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያሰናዳው እሱን ነው። የዓይን ቆብ ውስጡን ግን ማንም አያሰናዳውም።"

አጠያየቃቸውም የራሳቸው ነበር። ደህና ትበያለሽ ወይ ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ እንደዚያ ከተጠየቀ ሁሉም እበላለሁ ይላል። "ትናንት ማታ ምን በላሽ?" ነው የሚሉት። ጠይቀውም ዝም ይላሉ። እናትየዋ ትቁነጠነጣለች፣ ልጇን ታስተካክላለች፣ እሳቸው ግን ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ እውነቱ ይመጣል። እኔ ያን ዝምታ በሕይወቴ ችዬው አላውቅም። ሁልጊዜ መሃል ገብቼ መልሱን ለእናትየዋ እሰጣት ነበር።

ዓይኑም ጥፍሩም ደህና ከሆነ ነው ወደ ጸጉሩ የሚመጡት። የረገፈውን ጸጉር እናትየዋ መዳፍ ላይ ያስቀምጡና "ይኼ በእርግዝናሽ ጊዜ መርገፍ ሲገባው የቆየ ነው፤ አሁን ተራው ደርሶ ነው። ልጅሽ ዳዴ ሲል አዲሱ በግንባርሽ ዙሪያ አጠር ብሎ ሲወጣ ታዪዋለሽ" ይሏታል። ከዚያ ምክሩ ይመጣል። ሹሩባ ከሆነ ግንባር ላይ እንዳይወጠር፤ የሚረግፍ ጸጉርን ወጥሮ መሥራት ከነሥሩ መንቀል ነው። ማበጠሪያው ጥርሱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይበጠር። ቅቤ ከተቀባሽ አይከፋም፣ ግን ወደ ግንባር ወርዶ ቡግር እንዳያወጣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አስለቅቂው። ለማድያት ጃንጥላ ያዢ፣ ሻሽሽን ወደፊት ሳብ አድርጊ። ሸንተረሩ ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ሎሚ አሽተሽበት ፀሐይ ላይ እንዳትወጪ፣ ያቃጥልሻል። ለተሰነጠቀ የጡት ጫፍ የራስሽን ወተት ቀብተሽ አናፍሺው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሕፃኑ አያያዝ ይስተካከል፤ ጫፉን የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ይኼው ነው። ቴሌግራም የለበትም።

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ከተማ ተዛወርኩ። እዚያ ለድኅረ ወሊድ የተሰጠኝ ክፍል አንድ አልጋና አንድ የተሰበረ ወንበር ነበረው። እኔ ከቤቴ መስታወት አምጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣ ገበያ ወጥቼ ሳፋና ጆግ ገዛሁ፣ ማበጠሪያ አስቀመጥኩ። ለሚያጠቡ እናቶች ጸጉራቸውንና ገላቸውን እንዴት እንደሚይዙ አሳይ ጀመር። የጣቢያው ኃላፊ አንድ ቀን ብቅ አለና መስታወቱን አይቶ ሳቀ።

"ሲስተር፣ የውበት ሳሎን ከፈትሽ እንዴ?"

"እናትየዋ ራሷን ስትጠላ ልጇን ታጠባለች መሰለህ?" አልኩት።

"ለዚህ የሚሆን ቦታ ሪፖርቱ ላይ የለም" አለኝ። ክትባት ቦታ አለው፣ ክብደት ቦታ አለው። ጸጉሯ ተመልጦ የምታለቅስ ሴት ግን ቦታ የላትም። ይህን ሰው ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

በዚያው ዓመት አንዲት አስተማሪ መጣች፤ ልጇ አምስት ወሩ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለ የመዋቢያ ሱቅ ለማድያት ብላ የገዛችውን ቅልቅል ቅባት ሁለት ወር ተቀብታለች። መጀመሪያ ፊቷ እንደ ብርቱካን ጠራ አለ። ከዚያ ቆዳው ሳሳ፣ ቀያይ ሥሮች ወጡበት፣ አገጯ ላይ ጸጉር በቀለ። ስታቆመው ደግሞ ፊቷ ሁሉ እሳት ሆነ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቿ እያዩኝ ነው ብላ ማስተማር ትታለች። ሱቁ ድረስ ሄጄ ሰውየውን በገበያተኛው ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። "እህቴ፣ ፈልገው ነው የሚገዙት" አለኝ። ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤው የገባበት አልታወቀም፤ እኔ ግን በሦስተኛው ወር የዝውውር ወረቀት ደረሰኝ። እንሴኖ፣ ከቡታጅራ አለፍ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ። ኃላፊው ሲያስረክበኝ "ለሥራው አስፈላጊነት" አለኝ፣ ፊቱን እንኳ ሳይቀይር።

እንሴኖ ስደርስ እንግዲህ ሆዴ ቂም ሞልቶት ነው። ይህን የምለው ራሴን ላድን አይደለም። የነበረውን ነው የምናገረው። መስታወቴንና ሳፋዬን ይዤ ገባሁ። እናቶችን አስተምራለሁ፣ ደግሞም እቆጣለሁ። ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ ልብሷ ወተት ወተት እየሸተተ የመጣችውን በወረፋው ፊት "ምነው አንቺ፣ ልጅ ወለድሽ እንጂ ሰው ገደልሽ? ራስሽን ጣልሽው እኮ" እላታለሁ። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እሷም አፍራ ትስቃለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ታጥባና ተሰናድታ ትመጣለች። ጀግንነት መሰለኝ። ያቺን አስተማሪ ያጠፋት ዓለም ላይ እኔ ብቻዬን እናቶችን ቀና የማደርግ መሰለኝ። የእንሴኖ ሴቶች በጣቢያው በር ላይ ሻሻቸውን ሲያስተካክሉ በመስኮት አይቼ ደስ ይለኝ ነበር።

ረሂማ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሐያት የምትባል የሦስት ወር ሴት ልጇን ልታስከትብ መጣች። ባሏ ለንግድ አዲስ አበባ ከወጣ ወራት አልፈዋል። እሷ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ሁለቱ የተጋቡት ቤተሰቧ ሳይፈልግ ስለነበር ወደ ወላጆቿ ቤት አትሄድም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት አንዲት ፈገግ ያለች ወጣት ነው።

"አሰላሙ አለይኩም ሲስተር።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ነይ ቁጭ በይ። ምን ሆንሽ?"

"ጸጉሬ እየረገፈ ነው። ይደክመኛልም።"

ክፍሉ ውስጥ ሴቶች ብቻ ስለነበርን ሻሿን ራሷ ገለጥ አደረገችው። ጸጉሯ በቅቤ አብረቅርቋል። ለጋ ቅቤ ነው፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ መሃሉ ተከፍሎ ቀጥ ብሎ ተበጥሯል። እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ለራስ የሚተርፍ ቅቤ ያላት የምታጠባ ሴት ካየን ቤቷ ሙሉ ነው፣ ሰው አላት፣ በልታለች ማለት ነው። እናቴ የአራስ ቤት ጠይቃ ስትመለስ "እንዴት ነች?" ስንላት "ራሷ ርሶ ነው ያገኘኋት" ካለች ሌላ ጥያቄ የለም። እኔም ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። የዓይን ቆቧን አልገለጥኩም። ጥፍሯን አላየሁም። ትናንት ማታ ምን በላሽ አላልኳትም።

"ማሻአላህ" አልኳት። "አንቺማ ራስሽን ይዘሻል። ይኼ ሁሉም እናት ላይ የሚደርስ ነው፤ ጸጉሩ ይመለሳል። ድካሙም ከማጥባት ነው። እናንተ፣ እስቲ ይህችን ልጅ እዩ" ብዬ ወረፋው ላይ ላሉት አሳየኋቸው። ረሂማ አፍራ ሳቀች። ልጇ ተከተበች፣ ሄዱ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። የገበያ ቀን ነበር። አንድ ባጃጅ ግቢው ውስጥ እየጮኸ ገባ። ረሂማ ዘይነባ በምትባል ጎረቤቷ ጭን ላይ ተኝታለች፣ ሕፃኗን ሌላ ሴት ይዛታለች። ጎመን ልትሸጥ ወጥታ ገበያው መሃል ነው የወደቀችው፤ ደግነቱ በጎኗ ስለወደቀች ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን አልተጎዳችም። አልጋ ላይ አወጣናት። አውራ ጣቴ ያን ጊዜ ነው የዓይን ቆቧን የገለጠው። ውስጡ ወረቀት ነው። አንድ ጠብታ ቀይ የለበትም። ልቧ እንደ ሯጭ ይመታል፣ ጥፍሮቿ ነጥተዋል።

"ምን እየበላች ነው የከረመችው?" አልኳት ዘይነባን።

"ምን ትበላለች? ባልየው መላክ ካቆመ ስንት ጊዜው። እኔም ካለኝ አካፍላታለሁ፣ እኔስ ምን አለኝ? ቆጮ በጎመን፣ እሱም ሲገኝ። ስትወልድም ደም ብዙ ፈስሷታል።"

"ታዲያ ያ ቅቤ?"

ዘይነባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "እናቷ ደብቃ ያመጣችላት ነው" አለች።

የቀረውን እኔ በራሴ ጨረስኩት። ቤተሰቦቿ ቢሰሙ የእጇን አገኘች እንዳይሏት፣ የሞላላት ለመምሰል ነው የተቀባችው አልኩ። መኪና ተገኝቶ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ደም ተሰጣት፣ ብዙ ቀን ተኛች፣ አላህ አተረፋት። ወተቷ ግን ደረቀ፣ አልተመለሰም። የአራት ወር ልጅ በላም ወተት አደገች፤ በየወሩ እየመዘንኳት፣ ሰውነቷ አልነሳ እያለ፣ ስንት ጊዜ አስደንግጣኛለች። የረሂማ ጸጉርም ከግንባሯ ተመልጦ እስከ ዓመቱ ድረስ አልበቀለም።

ባልየው ሲመጣ ያገኘሁት የጣቢያው በር ላይ ነው። ያለ የሌለ ቁጣዬን አወረድኩበት። ሰው ተሰበሰበ። ሚስቱን አስርቦ ከተማ ለከተማ የሚዞር፣ ልጁን ከጡት የነጠለ፣ ምን ያላልኩት አለ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "ሥራ አጥቼ ነበር። ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩ" አለ። ማፈርህ ገደል ይግባ አልኩት። ያን ጊዜ ትክክል ነኝ ብዬ ነበር፤ አሁንም ግማሽ ግማሹን ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

በዚያው ሰሞን ቡታጅራ ሄጄ ሲስተር አስካለን ቤታቸው አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው ነበር። ባልየውን፣ ድህነቱን፣ ቤተሰቡን፣ ኃላፊዎቹን ሁሉ ከሰስኩላቸው። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁና፣

"ቆቧን ገልጠሽው ነበር?" አሉኝ።

"አይ።"

"ለምን?"

"ጸጉሯ አምሮ ነበር።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልገልጠው ያሳለፍኩት የዓይን ቆብ የለም። እናት ስለ ጸጉሯም ትምጣ ስለ ልጇ ሳል፣ መጀመሪያ ዓይኗን ነው የማየው። መቆጣቴን ግን አልተውኩም። እንዲያውም ባሰብኝ።

ረሂማን ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እንሴኖ እያለሁ ባየኋት ቁጥር ልጇን አጫውቼ አልፋለሁ። ከዚያ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ፣ ዓመታት ሄዱ። ያቺ አዋላጅ ከነብልቃጧ ካናደደችኝ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ስጽፍ ግን ብዕሬ እዚህ ደርሶ ቆመ። በሰው ላይ ስጮህ የኖርኩትን ሁሉ ጻፍኩ። ይህን አንድ ሰው ሳላነጋግር መጨረስ አልቻልኩም። ጠዋት ተነስቼ ሚኒባስ ይዤ እንሴኖ ወረድኩ።

ገበያው ውስጥ ቅመም ስትሸጥ አገኘኋት። ሙሉ ሴት ሆናለች፣ ጉንጯ ሞልቷል። ባሏ ከተመለሰ በኋላ አብረው ነው የሚሠሩት። ሐያት ስድስተኛ ክፍል ናት አለችኝ፤ ቀጭን ናት ግን ጎበዝ ተማሪ ናት። በርጩማ አመጣችልኝና ከኮረሪማው ክምር አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ረሂማ፣ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው" አልኳት። "ያን ጊዜ ደክሞኛል ብለሽ ስትመጪ ዓይንሽን ማየት ነበረብኝ። ጸጉርሽን አይቼ ነው የሸኘሁሽ። የጠገብሽ መስሎኝ።"

"ኧረ ሲስተር፣ ያ እኮ አልፏል" አለች። ለአንድ ገዢ ድንብላል መዝና ሰጠች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ቅቤውን ለምን እንደተቀባሁት ግን ያውቃሉ?"

"ለቤተሰቦችሽ ብለሽ ነዋ። እንዳይታዘቡሽ።"

"አይደለም። ቤተሰቦቼማ የት አይተውኝ። ልጄን ላስከትብ ስነሳ ዘይነባ ናት የያዘችኝ። 'እንዲህ ሆነሽ ከሄድሽ ያቺ ሲስተር በሰው ፊት ታዋርድሻለች፣ ባለፈው አንዷን አስለቅሳታለች' አለችኝ። ፈራሁዎት። እናቴ ካመጣችልኝ ቅቤ አንድ ስኒ የማትሞላ ቀርታኝ ነበር። በቡላ አድርጌ እጠጣታለሁ፣ ለልጄ ወተት ይሆነኛል ብዬ ያስቀመጥኳት ናት። እሷን ጠዋት ራሴ ላይ አደረግኳት።"

ከክምሩ አንድ ኮረሪማ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

ረሂማ ምንም ቂም በሌለው ድምፅ፣ እንደ ደግ ትዝታ አድርጋ ቀጠለች። "ሲያዩኝ ግን ደስ አለዎት። ማሻአላህ አሉኝ፣ ለሰውም አሳዩኝ። ያን ሰሞን ጥሩ ነሽ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።"

እዚያው በርጩማው ላይ፣ ገበያተኛው እያየኝ፣ አለቀስኩ።